«እኔን ነው የረሳኝ»፦ መብራት የበላው ሴቲንግ፣ ፍኖተ ሰላም ካለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ቡሬ ነኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ስልኬ ጠራ። የደወለችው ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ጸሐፊ ሆና የምትሠራ ልጅ ነች። የቤቱን ኮምፒውተሮች ለዓመታት የምጠግነው እኔ ነኝ። «ወንድማለም፣ ኮምፒውተሩ ሁሉን ነገር ረሳ» አለችኝ። «ፋይል ጠፋ እንዴ?» ስላት፣ «አይ፣ ፋይሉስ ዲ ውስጥ አለ፤ እኔን ነው የረሳኝ» አለች።

ነገሩን ከዚህ በተሻለ የገለጸልኝ ሰው የለም። ኮምፒውተር እንጠብቅ ስንል ሁላችንም የምናስበው ሰነድ ነው። ሰነድ ይታያል፣ ስም አለው፣ ሴቭ ይደረጋል። ሴቲንግን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ለራሳችን እንዲመች ያስተካከልንበትን ነገር ግን፣ ማንም ሴቭ አያደርገውም። በየቀኑ ትንሽ በትንሽ የተጠራቀመ የሰው ልፋት መሆኑ የሚገባን ከጠፋ በኋላ ነው። የዚህን ቤት ጉዳይ ከነዝርዝሩ የምጽፈው ለዚህ ነው፤ ከጥፋቱም የኔ ድርሻ አለበት።

ቤቷ ጠባብ ናት። ሁለት ዴስክቶፕ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ የፎቶ ፕሪንተር፣ በቃ። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ስለሆነች ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳይ ከቋሪት፣ ከደጋ ዳሞት፣ ከደምበጫ፣ ከወምበርማ፣ ከቡሬም ሰው ይመጣል። ራፖር ጸሐፊው በእጁ የጻፈውን አቤቱታ ይዘው ይገባሉ፣ ልጅቷ ትተይበዋለች፣ ሦስት ኮፒ ይወጣል፣ ይዘው ይሮጣሉ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ከመዘጋቱ በፊት ፋይል ለማስከፈት የሚመጣው ሰው በር ላይ ይጋፋል። ከሩቅ በእግሩ መጥቶ ያንኑ ቀን መመለስ የሚፈልግ ገበሬ አለ፤ እሱን «ነገ ና» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ገምቱት።

ልጅቷ አራት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ወርድን የገዛ እጇ አድርጋዋለች። «ፍብ» ብላ ስፔስ ስትነካ «የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር» ብሎ ይዘረጋላታል። «አዋ» ስትል የመሬት ክርክር ላይ የማይቀረው «በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ የሚያዋስነው» ከነባዶ ቦታው ይመጣል፤ እሷ የጎረቤቶቹን ስምና ስንት ጥማድ እንደሆነ ብቻ ትሞላለች። እንዲህ ያለ ምህጻር ወደ አራት መቶ ደርሶላታል። የየቀበሌው ስም መዝገበ ቃላቷ ውስጥ ገብቷል፤ ወርድ በቀይ አያሰምርባትም። የከሳሽና የተከሳሽ አርእስት፣ የሕዳጉ ስፋት፣ ከላይ በኩል የደረደረቻቸው ቁልፎች፣ ሁሉም የሷ ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ያለው ልጅ ደግሞ ጉርድ ፎቶ ነው ሥራው። አንድ ቁልፍ ሲነካ ፎቶሾፕ ፊቱን በሦስት በአራት ቆርጦ፣ ጀርባውን አንጥቶ፣ ስምንቱን አንድ ወረቀት ላይ ይደረድርለታል። ይህን አክሽን ይሉታል፤ አንዴ የሠራኸውን ቀርጾ ደግሞ ደጋግሞ የሚሠራልህ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መብራት ሦስት ጊዜ ሄደ። የጎጃምን የሐምሌ ነጎድጓድ የሚያውቅ ያውቀዋል። መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ዩፒኤስ አለ፣ ግን ባትሪው ሞቷል፤ አንዴ ጢጥ ይልና ወዲያው ጸጥ። ሦስተኛው ሲመጣ ልጅቷ መብረቁን ፈርታ ኮምፒውተሩን እያጠፋች ነበር። ልብ በሉ፣ ያደረገችው ትክክል ነው። ወርድን ዘግታለች፣ ሸት ዳውን ብላለች። ዊንዶውስ የሷን ነገር ወደ ዲስኩ እየጻፈ ባለበት በዚያች ቅጽበት ነው መብራቱ የተቆረጠው።

ረቡዕ ጠዋት ሲከፈት ዴስክቶፑ ባዶ ነው። የግድግዳው ሥዕል የለም፣ አማርኛ መጻፊያው እንዳስተካከለችው አይደለም፣ ጥግ ላይ በጊዜያዊ ፕሮፋይል እንደገባች የሚናገር መልእክት ወጣ። ሰው ተሰልፏል፤ መልእክቱን ዘግታ መጻፍ ጀመረች። ሁለት ገጽ አቤቱታ ጨርሳ ለጊዜው ብላ ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ «ምናልባት ይስተካከላል» ብላ ሪስታርት አደረገችው። አቤቱታው አብሮ ጠፋ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ስለሆነ። ዊንዶውስ የአንተን ፕሮፋይል፣ ማለትም ፋይልህና ሴቲንግህ በስምህ የሚቀመጥበትን ቤት፣ መክፈት ሲያቅተው ሥራ እንዳትፈታ ጊዜያዊ ቤት ይሰጥሃል። ከዚያ ስትወጣ ቤቱን ያፈርሰዋል። ዴስክቶፕ ላይ፣ ዶክዩመንትስ ውስጥ ያስቀመጥከው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ያንን መልእክት ካያችሁ ምንም አትጻፉ። የግድ ከሆነ ዲ ላይ ወይም ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። የቀድሞው ፎልደራችሁ ግን አልጠፋም፣ ሲ ውስጥ ዩዘርስ የሚለው ስር በስማችሁ እንዳለ አለ።

እኔ ሚኒባስ ይዤ እስክደርስ ሌላ ቴክኒሻን አይቶት «ፎርማት ነው መፍትሔው»፣ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው፣ ብሎ ሄዷል። ጋሼ ግን «የኛ ልጅ ይምጣና ይየው፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው» ብለው ሶኬቱን ነቅለው ጠበቁኝ። ያቺ ሶኬት መንቀል አራት ዓመት አዳነች። ፎርማት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ከታች የምነግራችሁ አንዱም አይኖርም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ የአንድ ሰው ሴቲንግ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። አንዱ ሬጅስትሪ ነው፤ ዊንዶውስና ፕሮግራሞች ሴቲንጋቸውን የሚመዘግቡበት መዝገብ በሉት። የተጠቃሚው የግል ሬጅስትሪ ኤንቲዩዘር የሚባል አንድ የተደበቀ ፋይል ነው፣ እዚያው በስምህ ያለው ፎልደር ውስጥ። እሱ ከተበላሸ ፕሮፋይሉ አይከፈትም። ሁለተኛው አፕዳታ የሚባለው፣ እሱም የተደበቀ ፎልደር ነው፤ ፕሮግራሞች የየራሳቸውን ነገር ፋይል አድርገው ያስቀምጡበታል።

ታዲያ መብራት ሲሄድ ፋይል ለምን ይበላሻል? ዊንዶውስ ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጅበት ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ሥርዓት የዲስኩን መዋቅር በደንብ ይጠብቃል፤ የፋይሉ ስም፣ ቦታ፣ መጠን ከመብራት በኋላም ይስተካከላል። የሚጠብቀው ግን መዋቅሩን እንጂ ውስጡ የተጻፈውን አይደለም። በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይል ስሙም አለ፣ መጠኑም ልክ ነው፣ ስትከፍተው ግን ውስጡ ዜሮ በዜሮ ሆኖ ይገኛል። ሴቲንግ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ፕሮግራሙ ሲዘጋ ወይም ከአካውንት ስትወጣ ነው። መብራት የሚሄድበት ሰዓትና የሚጻፍበት ሰዓት ከተገናኙ፣ አለቀ።

መጀመሪያ ቀላሉን ሞከርኩ። አንዳንዴ ፋይሉ ደህና ሆኖ ሬጅስትሪው ውስጥ ያለው የፕሮፋይል ዝርዝር ብቻ ይምታታል፤ የተጠቃሚው ቁጥር መጨረሻው ላይ «ባክ» የሚል ተለጥፎበት ይገኛል፣ እሱን አስተካክለህ ሪስታርት ስታደርግ ይመለሳል። ለብዙ ሰው ሠርቶልኛል። እዚህ አልሠራም፣ ፋይሉ ራሱ ነው የተበላሸው። ድሮ ለሲስተሙ ሬጅስትሪ ሬግባክ የሚባል ፎልደር ውስጥ የምናገኘው ቅጂ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት የዊንዶውስ 10 ስሪቶች ያንን በራሱ መሙላት አቁሟል፣ ቢኖርም የተጠቃሚውን አይዝም። ሪስቶር ፖይንት፣ ማለትም ዊንዶውስ ወደነበረበት ቀን የሚመለስበትን ቅጂ፣ ፈለግኩ። አንድም የለም። ያንን ቅጂ የሚይዘው ሲስተም ፕሮቴክሽን ጠፍቶ ነበር። ያንን ዊንዶውስ የጫንኩት እኔ ነኝ፣ ማብራት የነበረብኝም እኔ ነኝ። ለልጅቷ ይህንን በግልጽ ነገርኳት።

ከዚያ ረጅሙን መንገድ ያዝን። አዲስ አካውንት ፈጠርኩላት፣ አንዴ ገብታ ወጣች፣ እኔ በሦስተኛ አስተዳዳሪ አካውንት ገብቼ ከድሮው ፎልደር ወደ አዲሱ መቅዳት ጀመርኩ። ኤንቲዩዘር በሚል የሚጀምሩትን ፋይሎች አትንኩ፤ እነሱን ከቀዳችሁ በሽታውን ነው ይዛችሁ የምትሄዱት። ጅምላውን ከመቅዳት ይልቅ የሚያስፈልገውን እየመረጥኩ ነበር የሄድኩት።

የወርድ ነገር አንድ ቦታ አይደለም ያለው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አፕዳታ ውስጥ ሮሚንግ በሚለው ስር፣ ቴምፕሌትስ ውስጥ ኖርማል የሚባለው ፋይል አለ፤ አርእስት፣ ስታይል (የተዘጋጀ የጽሑፍ ቅርጽ)፣ ማክሮ (በአንድ ቁልፍ የሚሠራ የትእዛዝ ቅደም ተከተል)፣ ቅርጽ ያላቸው ምህጻሮችም እሱ ውስጥ ናቸው። ተራዎቹ ምህጻሮች ግን ሌላ ፋይል ናቸው፣ ኦፊስ የሚለው ፎልደር ውስጥ፣ ስሙ ኤምኤስኦ ብሎ የሚጀምርና ለየቋንቋው ቁጥር ያለው። የራሷ መዝገበ ቃላት ዩፕሩፍ የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። ከላይ የደረደረቻቸው ቁልፎች ደግሞ ሮሚንግ ውስጥ አይደሉም፣ ሎካል የሚለው ስር ነው ያሉት። ሮሚንግን ብቻ ቀድቶ «ባክአፕ አለኝ» የሚል ሰው ይህንን ያጣዋል።

ውጤቱ ይኸውላችሁ። መዝገበ ቃላቱ ሙሉ በሙሉ ተገኘ። የምህጻሩ ፋይል ተገኘ፣ ከፈትነው፣ «ፍብ» ብላ ስፔስ ነካች፣ ተዘረጋ። ልጅቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ኖርማል ግን ባዶ ነበር። መጠኑ ልክ፣ ውስጡ ዜሮ። ስለዚህ አርእስቶቹ፣ ስታይሎቹ፣ ያ የአዋሳኝ ቅርጽ ከነባዶ ቦታው፣ ሄደዋል። ስሙን ቀየርኩት፣ ወርድ ሲከፈት አዲስ ንጹሕ ኖርማል ፈጠረ፣ ከዚያ ዲ ውስጥ ካሉት የቆዩ አቤቱታዎች ስታይሎቹን አንድ በአንድ መልሰን ወሰድን። ይህ ሁለት ቀን በላ። የጠፋውን ለማስታወስ የረዳን ደግሞ ደብተር ነው፤ መጀመሪያ ላይ ምህጻሮቹ እንዳይምታቱባት በእጇ የጻፈችበት፣ የስልሳ ያህሉ ዝርዝር ያለበት አሮጌ ደብተር መሳቢያ ውስጥ አገኘች።

ፎቶ የሚሠራው ልጅ ኮምፒውተር ሲነሳ ደህና ነበር። ግን ሰኞ ዕለት ግማሽ ቀን ፈጅቶ የቀረጸው አዲሱ አክሽን የለም። የድሮዎቹ አሉ። «ትናንት ስሠራበት ነበርኮ!» ይላል። እውነቱን ነው። ፎቶሾፕ አክሽኖቹን የሚጽፈው በሥርዓት ሲዘጋ ነው። ልጁ ሰኞ ማታ ሳይዘጋ ስሊፕ አድርጎት ነው የሄደው፣ ማክሰኞ መብራት ዘጋለት። አክሽኑ በሚሞሪ ላይ ብቻ ነበር የኖረው። አዲስ ነገር በቀረጻችሁ ቁጥር አክሽኖች ከሚለው ሜኑ ሴቭ ብላችሁ እንደ ራሱ ፋይል አውጡት፤ ያ ፋይል የትም ኮምፒውተር ላይ ይጫናል።

አሁን ወደ ጥበቃው። ጋሼ «ስንት ይፈጃል?» አሉኝ። «ብር የሚፈልገው ባትሪው ብቻ ነው» አልኳቸው። የዩፒኤሱን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ቀየርን። እንዲህ ያሉ ባትሪዎች ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው ዕድሜያቸው፤ ሳጥኑ ላይ የተገዛበትን ወር በማርከር ጻፍንበት፣ ሰው ያስታውሳል ብለን አልተውነውም። ዩፒኤስ ሥራ ለመቀጠል አይደለም፤ ዘግቶ ለመውጣት የሚሆን ደቂቃ ነው የሚሰጣችሁ። ሲጮህ ደንበኛ ፊት ቢቆምም ፕሮግራሙ ይዘጋል፣ ይህን ሁለቱም ተስማሙ።

ከዚያ ቅጂው። ሮቦኮፒ የሚባል ትእዛዝ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል፣ ከቪስታ ጀምሮ አለ። በኖትፓድ አጭር ባች ፋይል፣ ማለትም ትእዛዞችን በተራ የሚያስኬድ ፋይል፣ ጻፍኩ። ከላይ የዘረዘርኳቸውን ፎልደሮች፣ የፎቶሾፑን ጨምሮ፣ ወደ ዲ ይገለብጣል፣ ከሬጅስትሪውም የኦፊስን ክፍል ብቻ ወደ ፋይል ያወጣል። ኤንቲዩዘርን ራሱን መገልበጥ አይቻልም፣ ገብታችሁ እያለ ተቆልፎ ነው ያለው። ሮቦኮፒ ሚረር የሚባል ምርጫ አለው፣ ሁለቱን ፎልደር አንድ ዓይነት ያደርጋል። ለዚህ ሥራ አልፈለግኩትም። ዋናው ላይ የጠፋውን ቅጂውም ላይ ያጠፋዋላ! የተበላሸ ኖርማል ደግሞ ትናንት ደህና የነበረውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሰባት ፎልደር አደረግን፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ እያለ እስከ እሑድ። ዛሬ የተበላሸ ነገር ቢቀዳ እንኳ ያለፉት ቀናት አሉ።

ሰዓቱ ላይ ተከራከርን። ጋሼ «ማታ ሥራ ሲያልቅ ይሁን» አሉ። እኔ ጠዋት ነው ያልኩት። ክረምት ላይ ማታ መብራት የለም፣ ቢኖርም ሰው ወደ ቤቱ ይቸኩላል። ጠዋት ግን ወርድም ፎቶሾፕም ሳይከፈቱ፣ ምንም ፋይል ሳይቆለፍ፣ ትናንት የተዘጋው እንዳለ ይቀዳል። ደቂቃም አይፈጅም፤ ሁሉም ተደምሮ አርባ ሜጋባይት አይሞላም። በመጨረሻ ተስማሙ።

ዲ ግን ያው ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ከሞተ አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አንድ ፍላሽ ይገለበጣል። ይህ ፍላሽ የደንበኛ ፍላሽ በሚሰካበት ሰዓት አይሰካም፣ ለማንም አይሰጥም። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለ ሰው የሾርትከት ቫይረስን፣ ያንን ፍላሽ ላይ ያለ ፋይል ደብቆ በሾርትከት የሚተካውን፣ ነገር ያውቃል፤ በቀን ስንት ሰው ፍላሹን ይሰካል። ፍላሹ ጋሼ ቤት ነው የሚያድረው። በወር አንዴ ደግሞ ዚፕ ተደርጎ ልጅቷ ቴሌግራሟ ላይ ለራሷ ትልከዋለች። የተከራካሪዎች አቤቱታ ቴሌግራም ላይ መጫን የለበትም፣ በዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። ሴቲንግ ግን የሰው ጉዳይ አይደለም። ከመላኩ በፊት የመዝገበ ቃላቱን ዝርዝር ዓይቼ የሰው ስም አወጣሁ፤ የቀበሌዎቹ ቀሩ።

«ዊንዶውስ ራሱ ባክአፕ የለውም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለው፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባችሁ የተወሰነ የራሱን ሴቲንግ ይይዝላችኋል። የፎቶሾፕን አክሽን ግን አያውቀውም። ሲስተም ፕሮቴክሽኑንም አብርቼዋለሁ፤ እሱ የዚህ ምትክ አይደለም፣ ተጨማሪ ነው።

አሁን የሚያሳፍረኝን ክፍል ልንገራችሁ። ከሳምንት በኋላ ተመልሼ ሄድኩና «እስቲ ከቅጂው እንመልስ» አልኩ። የኔን ላፕቶፕ አወጣሁ፣ የሐሙስን ፎልደር ገለበጥኩ፣ ወርድ ከፈትኩ። «ፍብ»፣ ስፔስ። ምንም። ሌላ ምህጻር። ምንም። ቅጂው በየቀኑ ጠዋት ያለ አንድ ስህተት ሲሠራ ከርሟል፣ ግን የገለበጠው የአስተዳዳሪውን አካውንት ሴቲንግ ነው። ባች ፋይሉን በየቀኑ በሰዓቱ በራሱ እንዲያስኬደው ታስክ ስኬጁለር የሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ላይ ስጭነው በኔ አስተዳዳሪ አካውንት እንዲሠራ አድርጌው ነበር፤ አፕዳታ የሚለው ቃል ደግሞ ትእዛዙን የሚያስኬደው ሰው አፕዳታ ማለት ነው። የሷ አይደለም። ሳምንት ሙሉ ሰባቱም ፎልደር ባዶ ተስፋ ነበር። ሳንሞክረው ሌላ ነጎድጓድ መጥቶ ቢሆን ብዬ ሳስብ አሁንም ይጨንቀኛል። በሷ አካውንት እንዲሠራ ቀየርኩት፣ በማግስቱ ጠዋት ደግመን ሞከርን፣ ላፕቶፔ ላይ አዋሳኙም ምህጻሩም መጡ። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ልጅቷ ራሷ አንድ ፋይል ከቅጂው አውጥታ ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ትሞክራለች። እኔ አልሄድም።

ጥቅምት ላይ ደወለችልኝ። ፍርድ ቤቱ ተከፍቶ ሰው እንደገና ተጋፍቷል፣ ወርድ ግን ሲከፈት ኖርማል ላይ ስህተት አለ እያለ ይዘጋል። «የረቡዕን ፎልደር ከፍቼ ኖርማሉን ገለበጥኩት፣ አሁን ይሠራል፤ ግን የረቡዕን ወስጄ የሐሙስን አለመውሰዴ ልክ ነው?» አለችኝ። ሐሙስ ጠዋት የተቀዳው ምናልባት የተበላሸው ይሆናል ብላ ነው ወደኋላ የሄደችው። ልክ ነሽ አልኳት። ከበስተጀርባ የሰው ድምፅ ይሰማል፣ አንድ አዛውንት «እታለም፣ የኔስ ደረሰ ወይ?» ይላሉ። «ደርሷል አባቴ፣ በሰሜን በኩል የሚያዋስንዎትን ሰው ስም ብቻ ይንገሩኝ» አለቻቸውና ስልኩን ዘጋችው።